ውሾቹ ሲባረሩ ቁንጫው የባሰበት ቤት፦ ከሰሜን ሸዋ ደጋ የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ቁንጫን የማያውቅ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። አብዛኛው ሰው በክረምት መጥቶ በበጋ የሚሄድ ነገር አድርጎ ስለሚቆጥረው ለቁንጫ ብሎ ወደ እንስሳት ክሊኒክ አይመጣም። እዚህ የሚቀርበው ቤተሰብም ወደ እኛ የመጣው ስለ ቁንጫ ሊጠይቅ ሳይሆን ቡችላ ተመርዞበት ነው። መርዙ ወደ ቤት የገባው ግን በቁንጫው ምክንያት ነበር።

ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገው ቤተሰቡ በየቤቱ የሚሞከረውን ዘዴ ሁሉ ማለት ይቻላል ስለሞከረ ነው። የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንዳልሠራ፣ የትኛው እንደጎዳ በአንድ ጣሪያ ሥር ለማየት ተችሏል። ከሁሉም በላይ ጎረቤቱ፣ ዘመዱና ነጋዴው በአንድ ቃል የመከሩት እርምጃ፣ ማለትም ውሾቹን ከቤት ማስወጣት፣ በቤቱ ሰዎች ላይ ያለውን ንክሻ አበዛው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሌላውን ሥራ በራሱ ሊያቅደው ይችላል። ቤተሰቡ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ስማቸውና የቀበሌያቸው ስም ግን አይጠቀስም።

ቤቱና ነዋሪዎቹ

ቤቱ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ ይገኛል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። እንዲህ ባለ ብርድ ቁንጫ እንዴት ይኖራል የሚል ሰው አይጠፋም። ቁንጫው የሚኖረው ግን ሰዉ በሚኖርበት ሙቀት ውስጥ ነው፤ ምድጃው አጠገብ፣ መደቡ ላይ፣ ከብቱና በጉ በትንፋሹ በሚያሞቀው ጋጥ ውስጥ።

ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ነው። ምድጃ ያለበት ዋናው ክፍል ቤተሰቡ የሚበላበትም የሚተኛበትም ነው። በጭቃ ግድግዳ የተከፈለው ሁለተኛው ክፍል ለእንግዳ የተጠበቀ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በሩ ተዘግቶ ይቆያል። የበጎቹ ጋጥ ከዋናው ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። መኝታው መደብ ነው፦ ከታች ጭድ፣ በላዩ አጎዛ፣ መደረቢያው ባና።

በቤቱ አባወራው፣ ባለቤቱ፣ አራት ልጆችና የአባወራው እናት ይኖራሉ። የመንዝ በጎች፣ ጥቂት ላሞች፣ አንዲት ድመት፣ ሁለት ወንድ ውሾችና አንዲት ሴት ውሻ አላቸው። ውሾቹ በሌሊት ጅብን፣ በቀን ቀበሮን ከበጎቹ ያርቃሉ። አያትየዋ ይህን ሲያስረዱ፣ "ውሻ ባይኖረን ኖሮ በግም አይኖረንም ነበር" ነው ያሉት። ስለዚህ ውሾቹን ለዘለቄታው ማስወገድ ከመጀመሪያውም የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

ችግሩ እንዴት እንደጀመረ

ሴቷ ውሻ በሰኔ መጨረሻ አምስት ቡችላዎች ወለደች። ዝናቡና ብርዱ ስለከበደ የቤቱ ልጆች ከምድጃው ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር ጭድ አንጥፈው አስተኟት። ቦታው ጨለማና ሙቅ ነው፤ ወለሉ የተሰነጣጠቀና በላዩ ብዙ አቧራ ያለው ነው። ቁንጫ እንዲራባ ታስቦ የተሠራ ቦታ ቢኖር ከዚህ አይበልጥም።

በነሐሴ ልጆቹ እግራቸውን ማከክ ጀመሩ። ንክሻው በአብዛኛው ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ባለው የእግር ክፍል ላይ ነበር። በመደቡ ላይ የሚተኙት ግን ወገባቸው ላይም ይነከሱ ነበር። ትንሿ ልጅ እያከከች አቆሰለችው፤ ቁስሉም መግል ያዘ። እናትየዋ መጀመሪያ የጠረጠረችው ትኋንን ነበር። ትኋን ግን ቀን በግድግዳና በአልጋ ስንጥቅ ተደብቆ ይውልና ሌሊት በተኛ ሰው ላይ ይወጣል፤ አይዘልም። እዚህ ቤት ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ቆሞ የሚያወራ ሰው እየተነከሰ ነበር።

ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት የተሞከረው

በመጀመሪያ የወይራ ጭስ ሞከሩ። ከዚያ የግራዋና የባሕር ዛፍ ቅጠል በመደቡ ላይና በወለሉ ላይ ጎዘጎዙ። ለሁለትና ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ አገኙ፤ ከዚያ ተመለሰባቸው። ጭሱም ቅጠሉም የሚዘለውን ቁንጫ ለጊዜው ሊያርቁት ይችላሉ። በአቧራው ውስጥ ያለውን እንቁላልና እጭ ግን አይነኩትም።

ቀጥሎ አንድ የሚያውቁት ሰው ትልቁን ውሻ አይቨርሜክቲን ወጋው። አይቨርሜክቲን ለከብትና ለበግ የውስጥ ጥገኛና ለእከክ የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት ስለሆነ "ለሁሉም ይሆናል" የሚል እምነት ሰፍኗል። ቁንጫ ላይ ግን አይሠራም። ለከብት የተዘጋጀው መጠን ለውሻ ሲሰጥ ደግሞ በቀላሉ ይበዛል። ውሻው ከዚያም በኋላ እንደበፊቱ ያክክ ነበር።

በመስከረም የዘመድ ምክር አሸነፈና ውሾቹ ሁሉ፣ ቡችላዎቹም ጭምር፣ ወደ ውጭ ወጡ። ለሴቷና ለቡችላዎቹ ከበረቱ ጥግ ዳስ ተሠራላቸው፤ የቤቱ በርም ለውሻ ተዘጋ። ቤተሰቡ ሰላም ጠበቀ። በሁለተኛው ሳምንት የሆነው ግን ሌላ ነው፦ ቀደም ሲል ልጆቹን ብቻ ይነክስ የነበረው ቁንጫ አባወራውንና አያትየዋንም መንከስ ጀመረ። እናትየዋ የነገረችን እንዲህ ነው፦ "ውሾቹ እያሉ እኛን የሚነክሰን ትራፊው ነበር። እነሱ ሲወጡ ሁሉም ወደ እኛ መጣ።" ይህን ያለችው ማንም ሳያስረዳት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያም አላገኘንለትም።

ለመስቀል እንግዳ መጣ። ከክረምት መግቢያ ጀምሮ ተዘግቶ የቆየው የእንግዳ ክፍል ተከፈተ፤ ተጠረገ፤ ተጎዘጎዘ። እንግዶቹ ገብተው ገና ከመቀመጣቸው እግራቸውን ማከክ ጀመሩ። በዚያ ክፍል ለረጅም ጊዜ ሰውም ውሻም አልገባም ነበርና ባለቤቶቹ ይህን በፍጹም አልጠበቁትም። እናትየዋ ይህን ስትነግረን ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። የቁንጫ ጉዳት ሲነገር ማሳከኩና ቁስሉ ብቻ ይነሳል። በገዛ ቤት በእንግዳ ፊት ማፈር ግን ሰውን ወደ ማይገባ እርምጃ ይገፋል፤ በዚህ ቤት የሆነውም ይኸው ነው።

ከመስቀል በኋላ አባወራው ለበግ እከክ ከገዛው ዲያዚኖን የተረፈውን አውጥቶ በዓይኑ ግምት በጥብጦ በውሾቹና በቡችላዎቹ ላይ አፈሰሰ። የቀረውን በመደቡ ጭድ ላይ ረጨው። በማግስቱ ሁለት ቡችላዎች ለሃጫቸው እየተዝረከረከ ይንቀጠቀጡ ጀመር። አንዱ መንገድ ላይ ሞተ። ሁለተኛውን ትልቁ ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ ክሊኒክ አደረሰው፤ የመርዙ ማርከሻ የሆነው አትሮፒን ተሰጥቶት ተረፈ።

መጀመሪያ የተደረገው

ቡችላው ከተረጋጋ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ስለ ሰዎቹ ነበር። አባወራው በባዶ እጁ ስለበጠበጠው ራሱን ያመው ነበር፤ ልጆቹም በተረጨው ጭድ ላይ አድረዋል። ዲያዚኖን በሰው ላይም የሚሠራው በቡችላው ላይ እንደሠራው ነው። አባወራው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ፣ ልጆቹ በሳሙና እንዲታጠቡ፣ ያ ጭድ በዚያው ቀን ከቤት ወጥቶ ከብትና ዶሮ በማይደርስበት ጉድጓድ እንዲቀበር ተደረገ። የተረጨበት ስለሆነ በምድጃ እንዳይነድ አጥብቀን ነገርናቸው። የትንሿን ልጅ ቁስል የቀበሌው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተከታተለችው፤ ጥፍሯ ተቆረጠ፣ ቁስሉ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ እየታጠበ ዳነ።

ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደን ቁንጫው የት እንደሚፈላ ፈለግን። ሦስት ቀላል ዘዴዎች በቂ ነበሩ። አንደኛው ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበት ስቦ በየክፍሉ ቀስ ብሎ መራመድ ነው። ከምድጃው ጀርባና በእንግዳው ክፍል ካልሲው ወዲያው ጠቆረ፤ ከበሩ አጠገብ፣ ፀሐይ በሚገባበት በኩል፣ ምንም አልነበረም። ሁለተኛው የውሻውን ጀርባ ከጅራቱ ሥር ወደ ላይ በቅማል ማበጠሪያ ማበጠርና የረገፈውን ጥቁር ፍርፋሪ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ መጫን ነው። ፍርፋሪው ተራ ቆሻሻ ከሆነ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን የተፈጨ ደም ስለሆነ ጨርቁን ወደ ቀይ ቡናማ ይለውጠዋል። ጨርቁ ሲቀላ ያዩት አያትየዋ "ይኼ ሁሉ ደም ከዚህች ከሲታ?" ብለው ውሻይቱን ዳበሷት። ሦስተኛው ማታ ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ በሳሕን ወለሉ ላይ አስቀምጦ በላዩ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ መብራት ማንጠልጠል ነው። ቁንጫ ወደ ብርሃንና ወደ ሙቀት ስለሚዘል ውኃው ውስጥ ይወድቃል፤ ሳሙናው ደግሞ እንዳይንሳፈፍ ያደርገዋል። ሳሕኑ ቁንጫን አይጨርስም፤ ጥቅሙ ነገሩ እየቀነሰ ወይም እየጨመረ መሆኑን ማሳየት ነው። ትልቁ ልጅ በየጠዋቱ የሞተውን እየቆጠረ በደብተሩ መጻፍ ጀመረ።

በሴቷ ውሻ ሰገራ ላይም የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ታይቷል። ይህ ውሻዋ ራሷን በጥርሷ ስታክክ ቁንጫ በመዋጧ የሚይዛት የኮሶ ትል ዓይነት ነው። ትንሽ ልጅም በድንገት ቁንጫ ቢውጥ ሊይዘው ስለሚችል ውሾቹ ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል መድኃኒት ተሰጣቸው።

ውሾቹ ሲወጡ ለምን ባሰ

ለቤተሰቡ ይህን ለማስረዳት የወሰድነው ጊዜ ከሥራው ሁሉ የበለጠ ጠቅሟል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ እዚህም በዝርዝር አቀርበዋለሁ።

ውሻ ለቁንጫ የተዘረጋ ማዕድ ነው፤ መኖሪያው ግን የቤቱ ወለል ነው። ሴቷ ቁንጫ ደም በመጠጣች በሁለት ቀን ውስጥ እንቁላል መጣል ትጀምራለች፤ ሲመቻት በቀን እስከ 40 ወይም 50 ትጥላለች። እንቁላሉ ለስላሳ ስለሆነ ከውሻው ፀጉር ተንሸራትቶ ውሻው በሚተኛበት ቦታ ይረግፋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ እጭ ይፈለፈላል። እጩ አይነክስም፤ የሚመገበው ከእንቁላሉ ጋር የሚረግፈውን የደም ኩስ ነው። ብርሃን ስለሚጠላ ወደ አቧራው፣ ወደ ጭዱና ወደ ስንጥቁ ይገባል። ሲያድግ ድር ፈትሎ ራሱን ይሸፍናል፤ ድሩ ስለሚያጣብቅ አቧራና ጉድፍ ይለብስና ከአፈሩ መለየት ያስቸግራል። ይህ ሙሽሬ የሚባለው ደረጃ ነው።

የችግሩ ሁሉ ቋጠሮ ሙሽሬው ላይ ነው። ሁኔታው ከተመቸ ቁንጫው በአንድና በሁለት ሳምንት ከድሩ ይወጣል፤ ካልተመቸው ግን ለወራት ውስጡ ሆኖ ይጠብቃል። የሚቀሰቅሰው የመሬቱ መርገብገብ፣ ሙቀትና ትንፋሽ ነው፤ እነዚህ ደም ያለው እንስሳ መቅረቡን ይነግሩታል። የእንግዳው ክፍል ቁንጫዎች ክረምቱን ሙሉ የጠበቁት እንዲህ ነው። ድመቷ በመስኮት እየገባች እዚያ ትተኛ እንደነበር በኋላ ታወቀ። እንግዶቹ ገብተው ወለሉን ሲረግጡት ሙሽሬዎቹ በአንድ ጊዜ ፈነዱ።

ውሾቹ በወጡ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። በወለሉ ውስጥ የነበረው እጭና ሙሽሬ ከውሾቹ ጋር አልወጣም። በየቀኑ አዲስ ቁንጫ ይወጣ ነበር፤ የሚነክሰው ውሻ ሲያጣ ቀርቦ ያገኘውን ሰው ነከሰ። ውሾቹ ባሉበት ጊዜ ከሚወጣው ብዙው በእነሱ ላይ ይጠፋ ነበር። በቤት ውስጥ ከሚገኘው ቁንጫ በእንስሳው ላይ የሚታየው ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው እንቁላል፣ እጭና ሙሽሬ ሆኖ ወለሉ ላይ ነው ያለው።

አንድ ሌላ ነገርም ተስተውሏል። እናትየዋ አቧራ እንዳይነሳ በየጠዋቱ ወለሉን ውኃ እየረጨች ትጠርግ ነበር። ይህ በአካባቢው የተለመደና የጨዋ ቤት ልማድ ነው። የቁንጫ እጭ ግን እርጥበት ይፈልጋል፤ በደረቅ አየር ይሞታል። ፀሐይ በማይገባበት ከምድጃው ጀርባ ባለው ጥግ በየቀኑ የሚረጨው ውኃ እጩን ያኖረው ነበር።

ሥራው

በጥቅምት፣ ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ በበረታበት ሰሞን፣ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን እንዲጀመር ተስማማን። ውሾቹን ዛሬ፣ ወለሉን በሚቀጥለው ሳምንት ማለት አንዱ ሌላውን እንዲበክል መፍቀድ ነውና።

ጠዋት ከሁለቱም ክፍል ዕቃው ሁሉ ወጣ። ከተረጨው ጭድ በኋላ የተነጠፈው አዲስ ጭድ፣ ከምድጃው ጀርባ የነበረውም ጭምር፣ ተጠርጎ ተቃጠለ። ልብስና አንሶላ በፈላ ውኃ ተቀቀለ። ባናውና አጎዛው አስቸገሩን። ባና በፈላ ውኃ ቢገባ ይጨማደዳል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። በዱላ እየተመቱ ከተራገፉ በኋላ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልለው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋሉ፤ ይኸው በተከታታይ ቀናት ተደገመ። ከ35 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ለረጅም ሰዓት ሲቆይ እጭ አይተርፍም፤ በደጋ ፀሐይ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ከውጪው አየር በብዙ ይበልጣል።

ወለሉ ላይ ያለው ልቅ አፈር ወደ ሦስት ጣት ጥልቀት ተፍቆ ወጣ። በተለይ ከምድጃው ጀርባ፣ ከመደቡ ሥርና ከእንግዳው ክፍል ጥግ ጥግ። አፈሩ ከቤት ርቆ ፀሐይ በሚመታው ሜዳ ላይ በስሱ ተበተነ። ስንጥቁ በጭቃ ተደፈነ፤ ከዚያ ወለሉና የግድግዳው ግርጌ በእበትና በጭቃ ተለቀለቀ። ልቅላቂው እስኪደርቅ ድረስ በሩና መስኮቱ ክፍት ሆኖ እሳት ነደደ። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። የተሰነጣጠቀ የአፈር ወለል ለእጭ መሸሸጊያ ይሆናል፤ የተለቀለቀና የደረቀ ወለል ግን በመጥረጊያ ሊጸዳ ይችላል። ሥራው የሴቶች ነው ተብሎ ለእናትየዋና ለልጃገረዶቹ ብቻ እንዳይተው አባወራው ራሱ አካፋ ይዞ ገባ።

ትልልቆቹ ውሾች በሞቀ ውኃና በተራ ሳሙና ታጠቡ። አረፋው መጀመሪያ በአንገታቸው ዙሪያ ተደረገ፤ ካልሆነ ቁንጫው ከውኃው ሸሽቶ ወደ ጆሮና ወደ ዓይን ይወጣል። ሲደርቁ ለውሻ ተብሎ የተዘጋጀ ፊፕሮኒል የተባለ የቁንጫ መድኃኒት በትከሻቸው መካከል ቆዳቸው ላይ ጠብ ተደረገላቸው። መድኃኒቱ በአካባቢው ስላልተገኘ በዘመድ በኩል ከአዲስ አበባ መጣ። በወሩ ተደገመ። ድመቷ ለድመት የሚሆነውን አገኘች። በዚህ አጋጣሚ ለውሻ የሚሸጥ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን እንደሚገድል ለቤተሰቡ ነገርናቸው። ተመርዞ የተረፈውንና ሌሎቹን ቡችላዎች ምንም መድኃኒት አልነካቸውም፤ ለብ ባለ ውኃ ታጥበው፣ በምድጃው ፊት ደርቀው፣ በየቀኑ በማበጠሪያ እየተበጠሩ የተለቀመው ቁንጫ ሳሙና ባለበት ውኃ ውስጥ ይጣል ነበር። ይህን ሥራ አያትየዋ ወሰዱት። እጃቸውን የሚያህል የለም።

ጋጡም ተጠርጎ ፍጉ ወጣ፤ ቁንጫ በግልገሎች ላይም ስለሚወጣ ይህ የሚታለፍ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲያ ወለሉ በየቀኑ ሳይረጭ በደረቁ ይጠረጋል፤ ጥራጊው እሳት ውስጥ ይገባል።

ለቤተሰቡ የከበደው ግን የሚከተለው ምክር ነበር፦ መድኃኒት የተደረገላቸው ውሾች ማታ ማታ ወደ ቤት ይግቡ። ከወለሉ የሚወጣው አዲስ ቁንጫ ወደ ውሻው ይዘላል፤ መድኃኒቱ ያገኘዋል፤ እንቁላል ሳይጥል ይሞታል። አባወራው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ፣ "እናንተ ካላችሁ እንሞክር፤ ጎረቤት ግን ይስቅብናል" አለ።

ተስፋ የሚያስቆርጠው ሳምንት

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለውጥ ግልጽ ነበር፤ በሳሕኑ ውስጥ የሚገኘው ቁጥር በፍጥነት ወረደ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን እንደገና ወጣ። ልጆቹ ተነከሱ። አባወራው መድኃኒቱ ሐሰተኛ ነው ብሎ ደመደመ፤ የተረፈውን ዲያዚኖንም ፈለገ። እናትየዋ ግን ቀደም ብላ ለክሊኒኩ አስረክባው ነበር።

ይህ መመለስ የሚጠበቅ ነው። ሙሽሬው ያለበትን ድር አልፎ የሚገድል መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። በመደቡ ግድግዳና በምሰሶው ሥር የቀሩት ሙሽሬዎች ጊዜያቸው ሲደርስ ይወጣሉ። ቤተሰቡ ይህን ከመጀመሪያው ሰምቶ ነበር፤ መስማትና በገዛ እግር መነከስ ግን አንድ አይደሉም። ያረጋጋቸው የልጁ ደብተር ነው። ቁጥሩ ወጥቷል፤ ከሥራው በፊት ከነበረው ግን በብዙ ያንሳል። በውሾቹ ላይ ማበጠሪያው ሲገባ ደግሞ ሕያው ቁንጫ አልተገኘም። ልጁ ይህን ለአባቱ ራሱ አስረዳ።

ምክራችን መጥረጉና ወለሉን መርገጡ እንዲበዛ፣ የእንግዳው ክፍል በር እንዳይዘጋ፣ ልጆቹም እዚያ እንዲጫወቱ ነበር። ወለሉ በተረገጠ ቁጥር የቀሩት ሙሽሬዎች ቶሎ ይወጣሉ፤ የወጣው ደግሞ ከውሾቹ አያልፍም። ቁጥሩ በኅዳር ወረደ። ከገና በኋላ ሳሕኑ ብዙ ሌሊት ባዶውን ያድር ጀመር። በጥምቀት የመጡት እንግዶች በእንግዳው ክፍል አደሩ፤ ማንም አላከከም።

ያልተሳካውና የቀረው

ጎረቤቶችን ማስተባበር አልተቻለም። በአቅራቢያው ያሉ ቤቶች ውሾች ከዚህ ቤት ውሾች ጋር አብረው ይውላሉ፤ ለእነዚያ ውሾች መድኃኒት የሚገዛ አልተገኘም። በሚያዝያ በአንዱ ወንድ ውሻ ላይ ቁንጫ እንደገና ታየ። በማበጠሪያው ቶሎ ስለተገኘ ወለሉ ላይ ሳይባዛ ተያዘ። ይህ ግን ነገሩ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ እንዳላለቀ ያሳያል።

የፊፕሮኒሉ ዋጋ ለዚህ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ሊገዙት አይችሉም። ስለዚህ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ላለው ጊዜ፣ በተለይ ውሻይቱ በምትወልድበት ወቅት፣ እንዲያውሉት ተነጋግረናል። በቀረው ወቅት ማበጠሪያው፣ ሳሙናውና ደረቁ መጥረጊያ ይሠራሉ። አጎዛውም አልተሳካልንም። ፀጉሩ ውስጥ የገባውን ሁሉ ማስወጣት ስላልተቻለ ቤተሰቡ ሁለቱን አሮጌ አጎዛዎች ጣላቸው።

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ ቤት የሚወሰድ

ውሻን ከቤት ማባረር ቁንጫን ከወለሉ አያባርርም። ውሻው መውጣቱ የግድ ከሆነ እንኳ በዚያው ቀን የተኛበት ቦታ ተፍቆ መውጣት አለበት፤ ካልሆነ ንክሻው ወደ ሰው ይዞራል። ውሻው ታክሞ በቤቱ ቢቆይ ይሻላል።

ተዘግቶ የቆየ ክፍል ወይም ቤት ከመከፈቱ አስቀድሞ አንድ ሰው ገብቶ ወለሉን ይርገጥ፣ ይጥረግ፣ ጥራጊውን ያቃጥል። ይህ ለበዓል እንግዳ ለሚጠብቅ፣ ለልቅሶ ወይም ለሥራ ርቆ ለከረመ፣ ባዶ የቆየ ቤት ለሚከራይ ሁሉ ይሠራል። እንግዳ ከመምጣቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ቢጀመር መልካም ነው።

ውሻ የምትወልድበትን ቦታ አስቀድሞ መምረጥ ብዙ ድካም ያስቀራል። ከነፋስና ከዝናብ የተጠበቀ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው፣ ወለሉ የተለቀለቀ ጥግ ይመረጥ። ከሥሯ የሚነጠፈው በየሳምንቱ የሚቀየር ጭድ ወይም የሚቀቀል ጆንያ ይሁን።

ለቁንጫ መድኃኒት ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ለየትኛው እንስሳ ነው፣ ለስንት ኪሎ ነው፣ ለእርጉዝና ለሚጠቡ ይሆናል ወይ። ለበግ የተዘጋጀ ኬሚካል ለውሻ፣ ለውሻ የተዘጋጀው ለድመት፣ ለየትኛቸውም የተዘጋጀው ለሰው መኝታ አይሆንም። ስሙ ባልተጻፈበት ብልቃጥ ወይም በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ ዱቄት ከሆነ አይገዛ። ተረጭቶ ከነበረና እንስሳው ለሃጩን ካዝረከረከ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መቆም ካቃተው፣ ገላውን በብዙ ውኃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ወደ ክሊኒክ መውሰድ ያስፈልጋል፤ የሚያጥበው ሰው እጁን በላስቲክ ይሸፍን። ሰው ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ ወይም የዓይን ብዥታ ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ ሲኬድ የኬሚካሉ ብልቃጥ አብሮ ይያዝ፤ ሐኪሙ የሚሰጠው መድኃኒት በብልቃጡ ላይ በተጻፈው ስም ይወሰናል።

መድኃኒት መግዛት የማይችል ቤት ደግሞ ከወለሉ ይጀምር። አቧራውን ማውጣት፣ ስንጥቁን መድፈን፣ መለቅለቅ፣ ማድረቅ፣ በየቀኑ በደረቁ መጥረግ፣ ውሻውን በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙና ማጠብና በየቀኑ ማበጠር ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ጊዜው በእርግጥ ይረዝማል። በዚህም ጊዜ የሳሕኑ ቁጥር በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ከፍ ሲል ሥራው አይቋረጥ፤ ቢያንስ ለሁለት ወር ይቀጥል፣ ጅማሬው ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ቆሞ ወለሉ እስኪደርቅ ድረስ።